አራሷ ኮራል

ኮሎምበስ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ኮራል የሚያውቅ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም አላወጣም። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፣ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የምነዳው። የባሕርን ነገር የተማርኩት በብሬክ ሰዓት ከስልኬ ላይ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ኦሃዮም ባሕር የላትም። ከሌለ ደግሞ ሰው ይሠራል እንጂ ምን ያደርጋል? ፎረስት ፓርክ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው አጠገብ ሠራሁት።

የጨው ውኃ ገንዳ ነው፣ የመስታወት። ውስጡ ድንጋዮች፣ ሁለት ብርቱካን የመሰሉ ዓሦችና አንዲት ንግሥት አሉ። ንግሥቷ ቡጢ የምታክል፣ እንደ አንጎል የተጠማዘዘች አረንጓዴ ኮራል ናት። ከባሕር የተነቀለች አይደለችም፣ ሰው ገንዳ ውስጥ ካራባው ላይ ተቆርጣ የመጣች ናት። እንግዳ መጥቶ "ይቺ ድንጋይ ምንድናት?" ካለ አለቀለት፣ ቁጭ ብሎ ይማራል። ድንጋይ አይደለችም፣ እንስሳ ናት። ድንጋዩ ራሷ የሠራችው ቤቷ ነው። ገላዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አትክልቶች አሉ፣ በብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሏታል። ከተጨነቀች ታባርራቸዋለች፣ ያኔ ነጭ ትሆናለች፣ ትራባለች።

ከገንዳው በላይ ቲቪው አለ። ቲቪው ላይ ከባሕር ዳርቻ ርቆ ያለ አንድ ጥብቅ የባሕር ክልል ይታያል፣ የኮራል አገር ነው፣ ካሜራው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ባለቤቴ "እስቲ ኒውስ እንኳን እንይ!" ስትል "ይኸው ኒውስ፣ ዓሣ አለፈ" እላታለሁ።

በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ላይ አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደሴ መጡ። ሻንጣቸው ሲከፈት ልብሱ ጥቂት፣ የገብስ ዱቄቱ ብዙ ነበር። ሕፃኑ ተወለደ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ዓለም ተዘጋ። አማቴ ገንፎ ያገነፋሉ፣ መሐሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬውን ያፈሳሉ፣ የሚበላ ግን የለም። ጠያቂዎቹ ዳይፐር በር ላይ አስቀምጠው፣ ከመኪናቸው ውስጥ እጅ አውለብልበው ይሄዳሉ።

"ይሄ ምን ዓይነት ጥየቃ ነው?" ይላሉ አማቴ በመስኮት እያዩ። "ገንፎ ያልቀመሰ፣ ጠየቀ ይባላል?"

"ቫይረሱ ነው እማዬ" አልኳቸው።

"ቫይረሱ ገንፎ ይጠላል?"

ባለቤቴ አንድ ሰሃን በልታ "በቃኝ" ትላለች። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሲርየል እንጂ ሌላ አታውቅም። እኔ ደግሞ አማች ነኝ። አማቴ ፊቴ አይበሉም፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈን አድርገው ነው የሚያወሩኝ። እኔም እሳቸው ፊት ቁጥብ ነኝ። ሰው ሁሉ ፊት የሚለፈልፍ አፌ እሳቸው ጋ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል። አማትን መቃወም፣ አማትን ማረም፣ በእኛ ነውር ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሳሎኑ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። ኮረሪማም አለበት። ወጥ ቤት ሄድኩ፣ የለም። ተመለስኩ፣ ጠጋ አልኩ። ወላሂ፣ የሚሸተው ባሕሬ ነው! ውኃው ላይ ቅቤ ተንሳፍፏል። ከድንጋዩ ኋላ አንድ ጉርሻ የምታክል ገንፎ ተቀምጣለች፣ ዓሦቹ ይጎነትሏታል። ንግሥቴ ጫፍ ጫፏ ነጥቷል።

ገባኝ። ዓሦቹን በቁንጥር ሳበላቸው አማቴ ብዙ ጊዜ አይተውኛል። አንጀታቸው አልቻለም። አራስ ያለበት ቤት ውስጥ ማን ይራባል?

ምን ልበል? ነገሩን ዋጥኩት። ቅቤውን በወረቀት ፎጣ ገፈፍኩ፣ ገንፎውን አወጣሁ፣ በባልዲ የጨው ውኃ በጥብጬ እየቀየርኩ "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እማዬ" አልኳቸው።

"አብሽር፣ ልጄ፣ ይሠራል" አሉኝ።

በማግስቱ ቅቤው ተመልሶ መጣ። ኮራሏ ግማሿ ነጣ። ባልዲዬን ይዤ ስንበረከክ ትልቋ ልጄ ከላፕቶፗ ቀና አለችና ጣቷን አያቷ ላይ ቀሰረች። "ግራንድማ ኢዝ ፊዲንግ ዘም!" አለች። አያቴ ናት የምታበላቸው ማለቷ ነው። አማቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ጣቷን ግን አዩ። ባልዲውን አዩ፣ የነጣችውን ኮራል አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"እኔ ነኝ?" አሉ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ስዋሽ እኮ ጎበዝ ነኝ። ፊቴ ቀደመኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ክፍላቸው ገቡ። ራሴን አሞኛል ይላሉ። ሕፃኑን ማጠብ ተዉ፣ ማሸት ተዉ። "እጄ ያበላሻል" አሏት ልጃቸውን። ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆማ አለቀሰች። "አሁን አውሮፕላን ቢገኝ ዛሬውኑ ይሄዳሉ" አለችኝ። ኮራሉስ ቢቀርብኝ ግድ አልነበረኝም። የጨነቀኝ እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው በእጃቸው ሊያርሱን የመጡ ሰው፣ እጃቸውን ፈርተው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

ሁለት ቀን አሰብኩ። የእኔ ማሰብ ብርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሳላስብ ነው የምናገረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ ውጪ ቆምኩ።

"እማዬ።"

"አቤት ልጄ።"

"ሳሎን ሌላ አራስ ታማብኛለች። የሚያርሳት የለም።"

ከአልጋቸው ሲነሡ ሰማሁ። በሩን ከፈት አደረጉ፣ ሻሻቸው አፋቸው ላይ ነው። "እኔን ደግመህ አታስነካኝ" አሉ።

"አይነኩም። እኔም አልነካም። መንካት ክልክል ነው፣ ኑና ላሳይዎት።"

ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸውና ወደ ቲቪው ጠቆምኩ። የእኔ ንግሥት ዘመዶች፣ በሬ በሬ የሚያካክሉ፣ ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ተደርድረዋል።

"ማነው የሚያበላቸው?" አሉ።

"ማንም። ፀሐይና ባሕሩ።"

"ባለቤት የላቸውም?"

"ጠባቂ አላቸው። ጥብቅ ነው፣ እንደ ጥብቅ ሣር። ዓሣ ቢሆን ድንጋይ ቢሆን ዝም ብሎ መልቀም የለም። ጀልባ ቢመጣ መልህቁን አይጥልባቸውም፣ ለዚሁ ተብሎ ከተንሳፈፈ ነገር ላይ ገመዱን አስሮ ይቆማል።"

"እንግዳስ?"

"ይገባል። ያያል፣ ሳይነካ ይወጣል።"

አማቴ ረጅም ጊዜ አዩ። አንድ ትልቅ ዓሣ ቀስ ብሎ አለፈ። ከዚያ ሻሻቸው ሳያስቡት ከአፋቸው ወረደ።

"አራስ ቤት ነዋ!" አሉ። "ጫጫታ የለ፣ ሰው አይበዛባት፣ የማይሆን ነገር አይገባባት።"

"እሱን ነው የምልዎት።"

ተነሥተው ገንዳውን አጎንብሰው አዩት። መብራቱን ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ተቆጣ። "ይሄን ሁሉ ብርሃን ከላይ ለቀህባት? የታመመች አራስ ላይ? ምች ይመታታል ልጄ!"

ልነግራችሁ አይገባም፣ ግን ቪዲዮዎቹም የነጣ ኮራል መብራት ይቀነስለት ነው የሚሉት። እኔ አውቀው ነበር። ልቀንስ ነበር። ቀደሙኝ እንጂ። ነጠላቸውን አምጥተው፣ መብራቱንም ውኃውንም ሳይነካ፣ በወንበር ደግፈው ከመስኮቱ በኩል አከለሉላት። የላይኛውን መብራት እኔ አደበዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ የሚጮህ ሰው ወዮለት። ልጄ ዙም ክላሷን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ራሴ በሹክሹክታ ሆንኩ፣ ጓደኞቼ ኮል ሲያደርጉኝ ጉሮሮዬን የታመምኩ መስሏቸው ተጨነቁ።

አማቴ ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን አጥበው፣ አሽተው፣ ታቅፈውት ገንዳው ፊት ይቀመጡ ነበር። "አብሽሪ" ይሏታል። ኮራሏን ነው። የአገር ቤቱ ክረምት ሲገባ ከነጩ መሐል አረንጓዴ ብቅ አለ፣ እንደ አዲስ ቡቃያ። መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ እንጂ እኔ አየው ነበር።

በነሐሴ፣ ጨረቃ ሞልታ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ፣ የጥብቁ ባሕር ኮራሎች ወለዱ። በዓመት አንዴ፣ ሁሉም ባንድ ሌሊት ነው። የተቀረጸውን ቅዳሜ ጠዋት ለሁላችንም ከፈትኩት። ከየኮራሉ ላይ ሮዝ ፍሬዎች፣ የስንዴ ቅንጣት የማያካክሉ፣ ቀስ ብለው ተለቀቁና ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ባሕሩ ተገልብጦ የሚወርድ ዝናብ መሰለ።

አማቴ ብድግ አሉ። እልልታቸው ፎረስት ፓርክን አነቃነቀው፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ልጄ "ኦ ማይ ጋድ፣ ግራንድማ!" ብላ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። እሳቸው ግን ወጥ ቤት ገብተዋል። ዱቄቱ ሲማሰል ሰማሁ።

ገንፎውን ይዘው መጡ። ገንዳው ፊት ቆሙ። አንድ ጉርሻ በማንኪያ አነሡ፣ ቅቤው ጠብ ጠብ ይላል። ኮራሏን አዩዋት፣ አረንጓዴ ሆና ዝም ብላለች። ማንኪያውን ከመስታወቱ መለሱና ወደ እኔ ዞሩ።

"ለሷ አይሰጣትም" አሉ። "አንተ ብላላት።"

ከአማቴ እጅ ጎርሼ አላውቅም ነበር። አፌን ከፈትኩ። አንድ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ፣ ገንፎው መንገዱን ዘጋበት።