ሥሩ የተበጠሰው ችግኝ

ዛሬ ጠዋት የይኢብ ቅጠል በጣቶቼ አሸሁ። ቀዩ ቀለም አሁንም ጥፍሬ ሥር አለ፤ በሳሙና አይለቅም። ይኢብ የዚህ የሶማሌ ደረቅ መሬት ቁጥቋጦ ነው፤ የቦሎቄ ዘመድ፣ ፍሬው እንደ ለውዝ የሚበላ።

ታላቅ ወንድሜ ግንበኛ ነበር። ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ዘጠኝ ችግኞች በጥቁር ፌስታል አፍልቶ ነበር። የመጨረሻዋ ደህና ቀን ዓርብ ነበረች፤ ሥራ አልነበረም። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ልብሱ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸት ነበር። ከዋሄን ገበያ በገዛው ማጉያ መስታወት ቅጠሉን አሳየኝ። የቅጠሉ ፊት እንደ ቆዳ ወፍራምና ደረቅ። ሲገለብጠው ጀርባው በደቃቃ ቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«አንተ ተማሪ፣ ቅጠል የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለው ያልከኝ የታለ?»

«በዚህ አይታይም ጋሼ፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ዋሽተሃል!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የአንዱን ችግኝ አፈር በጣቱ ገለጥ አደረገ። ቦሎቄ የዘሩን ሁለት ክክ ተሸክሞ ይወጣል፤ ይኢብ ግን አፈር ውስጥ ትቷቸው ከዚያው ይመገባል። «ላይ ላዩን አይቸኩልም። ጣት ታህላለች ብለህ እንዳትንቃት፣ ሥሯ ክንድ ያህላል። አጭር ነው እያልክ እኔን እንደምትንቀኝ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሚሠራበት ሕንጻ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ስለ አወዳደቁ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሳይመሽ የአገራችን ልጆች መጡ። ድንኳን ሊተክሉ ግቢውን ማጽዳት ጀመሩ። አንዱ ፌስታል ሲያነሳ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሥሩ ፌስታሉን በስቶ መሬት ገብቶ ኖሯል። ሮጬ የቀሩት ስምንቱ መሐል ተቀመጥኩ።

«ተነሥ! ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው» አሉኝ የማኅበራችን ሽማግሌ።

«አልነሣም። ድንኳኑን ወዲያ ትከሉት።»

«ለቅጠል ብለህ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ተከሉት፤ ተጣሞ፣ ግማሹ በር ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ሥሩ የተበጠሰውን ችግኝ ይዤ መቆፈር ጀመርኩ። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም ብለው ሽማግሌው ተቆጡ። «ወንድሙ ሳይቀበር አፈር ይቆፍራል!» አለ ሌላው ከኋላዬ። አልዞርኩም። ሁለቱ ክኮች ተሸብሽበዋል፤ ግን ከግንዱ አልተላቀቁም። ክንዴ እስኪገባ ቆፈርኩና ተከልኩት።

ጅጅጋ አድገው አማርኛ የሚችሉት የቤቱ ባለቤት አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ሞቷል። ወላሂ፣ ሥር የለውም።»

«ዐውቃለሁ እማማ» አልኳቸው። ለለቀስተኛው እጅ ማስታጠቢያ ከተቀመጠው ጆግ ውሃ አምጥቼ ቀስ አድርጌ አጠጣሁት።