በጭቃ የተከፈለ ኪራይ

አገርነሽን ያወቅኋት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር የሚከራይ ክፍል ሳፈላልግ ነው። በሯ ላይ ቆሜ «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?» ብላት፣ «እሱንማ ስታውቀው ለእኔም ንገረኝ» አለችና በርጩማ ሰጠችኝ። ይህን የምነግራችሁን ሁሉ ያጫወተችኝ ያን ቀን ነው።

አገርነሽ ከጣና ማዶ የደልጊ ልጅ ናት። በእነሱ ሰፈር የሰው ቤት የሚኖር ሰው ብር አይከፍልም፤ ክረምት ሳይገባ የባለቤቱን ግድግዳ በጭቃ ይመርግለታል፣ በቃ። ባሏ ክንዱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠር ግን ባሕር ዳር መጥተው ከእማማ የሻሽወርቅ ጓሮ አንዲት ክፍል በብር ተከራዩ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟማ ይቺኑ ለምታህል ክፍል እጥፉን እከፍላለሁ ይላል። «ጭቃው ያው ጭቃ፣ እንጨቱ ያው እንጨት! ምኑ ነው የሚወደደው?» እያለች ግራ ይገባት ነበር።

ከዚያ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ኪራዩ በግማሽ ወረደ፣ ክፍሏም የቀበሌ ሆነች። ጎረቤቱ እልል ሲል እማማ የሻሽወርቅ ፊታቸውን አዞሩባት። እንዴት አደሩ ብትላቸው ገብተው በር ይዘጋሉ። «እኔ ምን ወሰድሁባቸው?» ትላለች ለብቻዋ።

ክንዱ ዘመቻ ሄደ። ደመወዙ ሳይመጣ ወራት አለፉ፤ ቀበሌው «ካልከፈልሽ ልቀቂ» አላት። ልጆቿን ይዛ የት ትግባ? ብታስብ ብታስብ ሌላ አልመጣላትም። ባለቤቱ አሁን ቀበሌው አይደል? በማለዳ ጭቃ በጭድ አቡክታ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት መምረግ ጀመረች።

ሊቀመንበሩ ጓድ አንዳርጋቸው ሲደርስ ግማሹ ግድግዳ አልቋል።

«አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኪራይ እየከፈልሁ ነዋ፣ ጓድ።»

«በጭቃ?»

«ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁ እንዴ?»

«ባለቤቱ ሰፊው ሕዝብ ነው!»

«እንግዲያ የሰፊው ሕዝብ ግድግዳ የቱ ነው? እሱን ልመርግ።»

ጎን ካለው የቀበሌው ሱቅ ለስኳር የተሰለፈው ሰው ሳቁን ለቀቀው። እማማ የሻሽወርቅም ሰልፉ ውስጥ ነበሩ፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ሰልፉን ትተው ወጡ።

«ስማ ልጄ፣ ይቺ ልጅ በእኔ ጊዜ ሳልነግራት ነበር ግድግዳዬን የምትመርገው። እሷን አስወጥተህ ማንን ልታስገባ ነው?» አሉና እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ነከሩ።

ጓድ አንዳርጋቸው የተሰለፈውን ሰውም ግድግዳውንም አየ። «ለጭቃ ደረሰኝ አልቆርጥም!» አለ። ወደ ቢሮው ሊገባ ሲል ዞር ብሎ፣ «ባልሽ እስኪልክ ተቀመጪ። ግን ጀምረሽ እንዳትተዪው፣ ጨርሺው» አላት።

ክንዱ በሰላም ተመልሷል፤ ኪራዩም በብር ይከፈላል። ሁለቱ ሴቶች ግን አሁንም ክረምት ሳይገባ ግድግዳቸውን አብረው ይመርጋሉ፣ ያንን ጽሕፈት ቤት ጨምረው።

ባሕር ዳር ከሄዳችሁ ፋሲሎ ጎራ ብላችሁ ጠይቋቸው። ጭቃ ማቡካትም ብታግዟቸው ደስ ይላቸዋል። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ደግሞ እባካችሁ ለአገርነሽ ይንገራት፤ እኔም ጠይቄ ጠይቄ አልገባኝም።