ልዋም ከሩጫ የታገደችበት ሰሞን

ከደሴ የወጣሁት በማለዳው አውቶቡስ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኘኝ ወጥቶ ነበር፤ ከስንብቱ ይልቅ አደራው በዛብኝ። አንዷ ጎረቤታችን የልጇን እግር በክር ለክታ ክሩን ጣቴ ላይ ጠቀለለችልኝና «ጫማ ስትልኪ በዚህ ልክ ነው፤ እስክትልኪ ስለሚያድግ ግን ትንሽ ጨምሪበት» አለችኝ። እናቴ አላለቀሰችም። ሾፌሩን በመስኮት ጠርታ «ልጄን ያቅለሸልሻታል፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቀስ ብለህ ንዳ» ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እየሳቅኩ ወጣሁ። ለቅሶው የመጣው ኮምቦልቻን ካለፍን በኋላ ነው።

ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። ዴንቨር ሆቴል የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ተቀበለችኝና አውሮራ ውስጥ ከአንድ ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት አገኘችልኝ። «ብርዱ እንደ ደሴ ነው» ብላኝ ነበር። ብርዱስ ይሁን፤ የደሴ ብርድ ግን ከመጣ ይቆያል። የዚህኛው ጠዋት በረዶ ጥሎ ከሰዓት በኋላ በቲሸርት ያስኬዳል። አየሩ ደግሞ ከመድረቁ የተነሳ በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫዬ ደማ።

አከራዬ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ኤርትራዊ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ የሚኖሩት እዚሁ ከተወለደችው ልጃቸው ከልዋም ጋር ነው። አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ስለተማሩት የእኔን ሰዋስው ያርማሉ። ቁልፍ የሰጡኝ ዕለት የቤቱን ደንብ ነገሩኝ።

«ሽንኩርት ስታቁላዪ መስኮት ክፈቺ፤ ስሞክ አላርሙ ጭስ ሲሸተው ይጮኻል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ቶሎ ደግሞ ዝጊው፤ ሂተሩ ይባክናል።»

«ሽታው ሳይወጣስ?»

«ሽታው ወደ ውጭ ከሄደ እኔ በምን አውቃለሁ ወጥ እንደደረሰ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ በሠራሁ ቁጥር አንድ ሳህን ወደ ላይ ይወጣል።

ኤርፖርት ዊልቸርና ሻንጣ እየገፋሁ የሕክምና ቢሊንግና ኮዲንግ ተማርኩና ዴንቨር አንድ ክሊኒክ ቢሮ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ የሠራውን ሁሉ በቁጥር ጽፎ ለኢንሹራንስ መላክ ነው ሥራው። በሽታው ቁጥር አለው፣ ምርመራው ቁጥር አለው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኢንሹራንሱ አይሰማም። ወደድኩት። ቢያንስ ሻንጣ የለበትም።

አንድ የክረምት ቀን ከስዊድን ስልክ መጣ። የጋሽ ተክሌ ታላቅ ወንድም ኪዳኔ በረዶ ሲዝቁ ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል። ተርፈዋል። የልባቸው ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ተገኘ፤ ምክንያቱ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ፣ አንድ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው። ሐኪሞቹ «ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ይመርመሩ» አሉ።

ጋሽ ተክሌ ሄደው ለሐኪማቸው ነገሩ። ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘላቸው፤ ልዋም በትምህርት ቤቷ ቡድን እንደምትሮጥ ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። የአባቷ ውጤት እስኪታወቅ እንዳትሮጥ አለ። አባትየው ከሌለባቸው እሷም የለባትም፤ ካለባቸው እሷም ትመረመራለች።

ልዋም የሩጫ ጫማዋን ጋራዥ ውስጥ ወረወረችው። «ዲስ ኢዝ ሶ አንፌር፣ ዳድ! ግፍ ነው! ደህና ነኝ እኮ!»

አባቷ ጫማውን አንስተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡላት። በዚያ ሰሞን እኔ ሽንኩርት አሳርሬ አላርሙ ሲጮህ እንኳ ምንም አላሉኝም። ያኔ ነው የፈራሁት።

በዚህ ላይ ኢንሹራንሱ ምርመራውን አልፈቅድም አለ። ጋሽ ተክሌ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ቤዝመንቱ ወረዱ።

«አንቺ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ተምረሻል። እስቲ አንብቢልኝ፤ ልብህ አስፈላጊ አይደለም ነው የሚሉኝ?»

«ልብዎን አይደለም ጋሼ፤ ምርመራውን ነው።»

«ምርመራው የማን ነው ታዲያ?»

በማግስቱ አለቃዬን ሊንዳን ስማቸውን ሳልጠቅስ ነገሩን አማከርኳት። እሷ በዚህ ሥራ አርጅታለች። «በቤተሰቡ ውስጥ ለውጡ ከታወቀ ያንን ብቻ ለይቶ የሚፈልግ ምርመራ አለ፤ ኮዱም ሌላ ነው። የታዘዘው የጂኑ ሙሉ ምርመራ እንዳይሆን» አለችኝ። ማታውኑ ለጋሽ ተክሌ በራሴ አማርኛ አስረዳኋቸው፦ «የምንፈልገው ቤት የት እንዳለ ወንድምዎ ነግረውናል። የተላከው ወረቀት ግን መንደሩን በሙሉ እናንኳኳ ይላል።»

«ታዲያ ደውለን አድራሻውን እንንገራቸው» አሉኝ።

እሳቸው ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ኢንሹራንሱ ጋ ደወልን። ብዙ ሙዚቃ ካዳመጥን በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

«የትውልድ ቀንዎ?»

«እናቴ የነገረችኝን ነው ወይስ ወረቀቱ ላይ ያለውን?»

«ትክክለኛውን።»

«ትክክለኛውን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። አንቺ ጋ ያለው ጃንዋሪ አንድ ነው።»

ሴትዮዋ ጃንዋሪ አንዱን መዝግባ ቀጠለች። የተጠየቀው እውነትም የጂኑ ሙሉ ንባብ ነበር። የምንፈልገው አንዷን ለውጥ ብቻ መሆኑን ስነግራት «እንግዲያው የሐኪሙ ቢሮ በዚያ ኮድ ይላክ፤ የወንድምየው የምርመራ ውጤትም አብሮ ይያያዝ» አለችኝ።

«ውጤቱ አለን፤ ግን በስዊድንኛ ነው።»

«እዚህ ስዊድንኛ የሚያነብ ሰው የለንም።»

ጋሽ ተክሌ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «እኛም የለንም» አሏት። ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ኪዳኔ ከሆስፒታላቸው የእንግሊዝኛውን ቅጂ አስላኩ። የሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ያለችው ነርስ «እንኳን ነገራችሁኝ» ብላ ኮዱን አስቀየረች። አንዳንድ ጂን ለዚህ የራሱ ኮድ አለው፤ የእነሱ ግን ለብዙ ጂን በሚያገለግል ጥቅል ኮድ ስለሚገባ የጂኑን ስምና የለውጧን አጻጻፍ ጨመረችበት፤ በሽታው በቤተሰብ መኖሩን የሚናገረውንም ኮድ አስገባች። ፈቃዱ መጣ፤ ደም ተቀዳ።

ውጤቱን ሰምተው የተመለሱ ቀን ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።

«ተገኘች» አሉኝ። «ከወንድሜ ጋር በርስት ተጣልተን አናውቅም፤ ይቺንም በሰላም ተካፈልናት።»

ልባቸው ሲታይም ትንሽ ወፍሮ ተገኘና መድኃኒት ጀመሩ፣ ክትትል ያዙ፣ በረዶ መዛቁን ለእኔ ለቀቁ። ከዚያ ተራው የልዋም ሆነ። የእሷን ምርመራ ኢንሹራንሱ በመጀመሪያው ጥያቄ ፈቀደ፤ መጠበቁ ግን ከአባቷ ይልቅ ለእሷ ከበደ። ዘመዶቿ ሁሉ እየደወሉ «ኣጆኺ»፣ አይዞሽ ለማለት፣ ሲሏት «ኣጆኺ ማለት አቁሙ!» ትላቸዋለች፤ ኣጆኺን በትግርኛ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ።

ውጤቷ ስልኳ ላይ ሲመጣ ሦስታችንም ደጅ ነበርን። አንብባ ጮኸች።

«ኔጋቲቭ!»

ጋሽ ተክሌ ክው አሉ። «ኔጋቲቭ መጥፎ ነው?»

«ኖ፣ ዳድ! የለብኝም! አይ ካን ራን፣ እሮጣለሁ!»

ይህን ያህል ዘመን አሜሪካ የኖሩ ሰው፣ ቃሉ ጠፍቷቸው አልነበረም። ፍርሃታቸው ነው ያጠፋባቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ልዋም ደግሞ ካልሲዋን ብቻ እንዳደረገች ሰፈሩን ዞረችው።

በጸደይ ሌክውድ ውድድር ነበራትና አብረን ሄድን። ጋሽ ተክሌ ገና ከመነሻው በትግርኛ «ኣጆኺ! ኣጆኺ!» እያሉ ሲጮኹ ጎናችን የተቀመጡት ፈረንጆች ቅጽል ስሟ መስሏቸው አብረው «አጆኪ!» ማለት ጀመሩ። እኔ ከሳቄ ብዛት አጨራረሷን አላየሁም።

ጋሽ ተክሌ ስዊድን ደወሉ። ኪዳኔ በቪዲዮ ብቅ አሉ፤ ከስተዋል፣ ግን ፊታቸው ብሩህ ነው።

«ስንተኛ ወጣች?»

«ስለ ተራዋ ምን አገባህ? ሮጠች እኮ!»

ሁለቱ ወንድማማቾች ሳቁ። ከዚያ ኪዳኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ። ትግርኛዬ ጥቂት ነው፤ «መዓስ» ማለት መቼ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። መቼ ትመጣለህ ነው የሚሏቸው። ከልጅነታቸው ከተለያዩ ወዲህ አንድ ቦታ ቁጭ ብለው አያውቁም።

ልዋም ትንፋሿን እየሰበሰበች ሣሩ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ጋሽ ተክሌ «መጀመሪያ እሷን እያት» ብለው ስልኩን ቀስ አድርገው ወደ እሷ አዞሩት።