ከስብሰባ የሸሸ ሰው

ስደት የወጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ከሌሊት ይጀምራል። ጨለማ ነበር፣ ውሻ ጮኸ፣ እናቴ አለቀሰች ይላል። እኔ ግን የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ ስብሰባ በተቀመጠበት ሰዓት። ከኮኪት ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድም ጠባቂ አልነበረም፤ ጠባቂዎቹም ተሰብስበው ነበር። ያን ቀን የአገሩን ከብት ሁሉ ነድቼ ብወጣ የሚያየኝ አልነበረም። የያዝሁት ግን አንድ ኮዳ ውኃና ሚስቴ ይታይሽ የቋጠረችልኝን ዳቦ ብቻ ነው።

ይታይሽ አብራኝ አልመጣችም። ጠዋት በሩ ላይ ቆመን ስንከራከር እንዲህ አለችኝ፦

"ሁለታችንም ከቀረን ስም ሲጠራ ወዲያው ያውቁብናል። እኔ ፊት ለፊት ቁጭ እላለሁ። አንተን ሲጠሩ፣ ወባ ይዞት ሽንፋ ሐኪም ዘንድ ሄደ እላለሁ።"

"አንችስ?"

"እኔማ እደርስብሃለሁ። ለከርሞ የሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ወደ ሱዳን ከሚወርደው የቀን ሠራተኛ ጋር ተቀላቅየ እሻገራለሁ። በል ሂድ ሳ! ምን ያቆምሃል?"

ማሽላው ውስጥ ገብቼ ትንሽ እንደሄድሁ ከኋላየ ጭብጨባ ሰማሁ። እኔን የሚያወግዘው ንግግር ተጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ጭብጨባ ውስጥ የሚስቴም እጅ እንዳለበት አውቅ ነበር፤ እኔ እንድርቅ ነበር የምታጨበጭበው። ዛሬም ሰው ሲያጨበጭብ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ የጎጃም ደጋ ሰው ነኝ። ቆላ የወረድሁት እንደማንኛውም ደገኛ ሰሊጥ አጭጄ ለመመለስ ነበር። እዚያው ቀረሁ፣ ይታይሽን አገባሁ፣ በኋላም በመንግሥት እርሻው ላይ ካቦ ተደረግሁ። ካቦ ማለት ሠራተኛውን የሚያሰማራ፣ ከሠራተኛው ጋር አብሮ የሚያጭድ፣ ከአለቃ ጋር አብሮ የሚሰደብ ሰው ነው።

ሰሊጥን የማታውቁ ይህን እወቁልኝ፤ ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ቶሎ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ መቆም አለበት። ትንሽ ካዘገያችሁት ፍሬው አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። አንዴ ከረገፈ ንጉሥም ቢመጣ አይለቅመውም።

በዚያ ዓመት ሰሊጡ ያማረ ነበር። ሊታጨድ በደረሰበት ጠዋት ማጭዳችንን ይዘን ስንሰለፍ አንድ ላንድሮቨር መጣ። የወረደው ጓድ ተሾመ የሚባል ካድሬ ነው። የካኪ ልብሱ የካውያ ተኩሱ እንኳ አልተበላሸም። ሥራ አቁማችሁ ዳሱ ሥር ተቀመጡ አለን። የስብሰባው ርእስ የሠራተኛውን የሥራ ተነሳሽነት ማሳደግ ነበር።

"ጓድ፣ ሰሊጡ ደርሷል" አልሁት። "ዛሬ ካልታጨደ ይረግፋል። ስብሰባውን ማታ ብናደርገውስ?"

"ጓድ አስማረ፣ አንተ የምታየው ሰሊጡን ነው፤ እኔ የማየው ሰውየውን ነው። ያልነቃ ሠራተኛ ያጨደው ሰሊጥ ምን ይረባል?"

"ዘይቱ ያው ነው፣ ጓድ።"

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ በኋላ ክስ ሆኖ መጣብኝ።

ከዚያ ተቀመጥን። ሰው ራሱን ከውስጥ መለወጥ አለበት ተባልን። ሥራን መውደድ ከሕሊና ይጀምራል ተባልን። ዶሮ ሳይጮህ የተነሣነውን ሰዎች፣ ማልዶ የመነሣትን ጥቅም ፀሐይ አናታችን ላይ ከወጣች በኋላ አስተማረን። እኔ አንገቴን አዙሬ እርሻውን አያለሁ። ደረቅ ነፋስ ተነሥቷል። እኛ ተነሳሽነት ስንማር ሰሊጡ አፉን ይከፍታል።

ቀጥሎ ግለ ሂስ መጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ተነሥቶ ያሰነፈውን ነገር እንዲናገር ታዘዘ። ከወሎ የመጡት አዛውንቱ አባ ሰይድ ተራቸው ሲደርስ ተነሡና ሱሪያቸውን አራገፉ።

"ወላሂ ጓድ፣ ስንፍናየን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ትናንት ማጭዴ ላይ ነበርሁ፣ ዛሬ እርስዎ እዚህ አስቀመጡኝ። ካለም እንግዲህ ከዚሁ ከዳሱ ሥር አይጠፋም።"

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። አባ ሰይድ ግለ ሂሳቸውን ነገ አሻሽለው እንዲያቀርቡ ተነገራቸው፤ ስለዚህ ነገም ስብሰባ ሆነ። በማግስቱ ማታ ወደ እርሻው ስንሄድ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ሰሊጡ እንዳለ መሬት ላይ ነው። አባ ሰይድ ከነአፈሩ አንድ እፍኝ ዘግነው አዩትና መልሰው በተኑት። እኔ ከንዴቴ የተነሣ አለቀስሁ። የአንድ ክረምት አረም፣ የስንት ሰው ወገብ፣ ለምላስ ሲባል አፈር በላ።

ከጎንደር አለቆች መጥተው ምርቱ የት ገባ ሲሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፦ የሠራተኛው አለመንቃትና የካቦው አሻጥር። ስብሰባውን በቀልድ ለማደናቀፍ ሞክሯል ተባለ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ፍርዱ የሚሰማበት ስብሰባ በተጠራ ቀን ነው እንግዲህ ከይታይሽ ጋር በሩ ላይ የተከራከርነው።

ድንበሩን ተሻግሬ ገላባት ስደርስ የሱዳኑ መኮንን ሻዩን እየጠጣ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ተዋጊ ነህ?"

"የለም።"

"የፖለቲካ ሰው ነህ?"

"የለም።"

"ታዲያ ከምን ሸሸህ?"

"ከስብሰባ።"

አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። መኮንኑ ሲገባው ሻዩ ትን አለው፤ ጓደኞቹን ጠርቶ እንደገና አስነገረኝ። "ከጦር የሸሸ አይቻለሁ፣ ከረሃብ የሸሸ አይቻለሁ" አለ እንባውን እየጠረገ። "ማሌሽ፣ ያ ሐበሺ! ግድ የለም፣ ረሃብ ብለን እንጻፍልህ።" ሳልራብ ረሃብተኛ ሆኜ ገባሁ።

ገዳሪፍ ዘይት መጭመቂያ ቤት ሥራ አገኘሁ። ዓይኑ የተሸፈነ ግመል ሙቀጫውን እየዞረ ዘነዘናውን ሲያዞር እኔ ሰሊጡን አበጥራለሁ፣ እጨምራለሁ፣ ዘይቱን እቀዳለሁ። ሙቀቱ የኮኪት ሙቀት ነው፤ በሙቀት በኩል አገሬን አልናፈቅሁም። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ግን ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፤ ወጡን ስትዝቁበት እጃችሁ ላይ ያልቃል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ያን ወደድሁላቸው። ስለ ላምህ፣ ስለ ልጅህ፣ ስለ ጎረቤትህ ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ አይገቡም።

እዚህም ግን በርታ ባይ አላጣሁም። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሐጅ ባቢክር ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ። ከሥራ ስመለስ ጠርተው ስለ ታታሪነት ይመክሩኛል። አንድ ቀን ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራይ ልጨምርብህ ነው አሉኝ።

"ሐጅ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም፣ ልጄ። አንተን ለማበርታት ነው። ኪራይ ሲከብድ ሰው ማልዶ ይነሣል።"

"እኔ የምነሣው እኮ እርስዎ ሳይነሡ ነው።"

"አየህ?" አሉኝ፤ "ገና ሳልጨምርብህ ይሠራል!"

ስቄም ተናድጄም ክፍሌ ገባሁ። ወገቡን ያላጎነበሰ ሰው ሁሉ እንዴት ወገብ እንደሚጎነበስ ካላስተማረን አይሆንለትም ማለት ነው? ከእኔ በኋላ ለምትመጡ የምላችሁ ይህንን ብቻ ነው። ሰነፎች ናችሁ ሲሏችሁ አትመኑ። እኔ እዚህ ጎሕ ሳይቀድ የምነሣው ማንም ስላነቃኝ አይደለም። ጠዋት የጨመርሁት ሰሊጥ ማታ ዘይት ሆኖ ስለማየው ነው። ሰው የሠራው ነገር ፊቱ ላይ ሲረግፍ ካላየ ራሱ ይነሣል። ኮኪትም ቢሆን እንዲህ ነበር የምነሣው።

ሐጅ በጎም ሰው ናቸው፤ ለይታይሽ ድምፄን የቀዳሁት በእሳቸው ቴፕ ነው። የካሴቱን አንዱን ገጽ ሞላሁት፤ ሌላውን ገጽ ለእሷ መልስ ተውሁት። ስለ ግመሉ ነገርኋት፣ ስለ ኪስራው ነገርኋት፣ አሻጥረኛ እንዳልሆንሁ ነገርኋት፤ እሷ ታውቃለች፣ እኔ ግን ማለት ነበረብኝ። ድንበር እየተሻገረ ሳሙናና ጨርቅ የሚነግድ አንድ ሱዳናዊ ካሴቱን ከነቴፑ ይዞላት ሄደ።

አጨዳው መጣ፣ ቀን ሠራተኛው ተሻገረ፤ ይታይሽ ከመካከላቸው አልነበረችም። ከዚያ በኋላ ነው ነጋዴው የመጣው። ቴፑን እሷ ቤት ትቶ ገበያ ውሎ፣ ሲመለስ እሷን አላገኛትም፤ ድንበሩ ሳይዘጋበት አንሥቶ መጣ።

ለብቻየ ከፈትሁት።

"አስማረ፣ እንዴት ነህ ሳ? እኔ ደህና ነኝ። አንተን ስላገባሁ ግለ ሂስ አድርጊ ብለውኝ አደረግሁ፤ ይቅር በለኝ። አባ ሰይድ ወደ አገራቸው ገቡ። ተሾመን ስብሰባውን በሚገባ መርቷል ብለው ሸለሙት፣ ሰማህ? እኔም አጨበጨብሁ።" ትንፋሿ ይሰማል። "ስለ መምጣቱ ነገር... እውነቱን ልንገርህ..."

ከሩቅ የቀበሌው እንደ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ መመታት ጀመረ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

"ውይ፣ ስብሰባ ጠሩ! ከቀረሁ ይጠረጥሩኛል። መጣሁ፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ።"

በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ቴፑ የሚነግረኝ ቤቴን ብቻ ነው። ዶሮ ገብታ ስትጭር፣ ነፋስ የሣር ክዳኑን ሲነካው፣ የጎረቤት ፍየል። ከሩቅ ደግሞ ጭብጨባ። ገጹ አልቆ ቀጭ እስኪል ድረስ ጆሮየን አስጠግቼ ጠበቅኋት። አልተመለሰችም።

ካሴቱን ገለበጥሁት። በዚያኛው ገጽ ያለው የራሴ ድምፅ ነው፤ "ይታይሽ፣ ትመጫለሽ ወይ?" ይላል።