ያደረ ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው ቤታችን ውስጥ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የአያቴ ተረትና የአክስቴ ደግነት።

ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ሁለት ቀያይ ዓሦቹን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። እሱም ያገኛቸው ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ አገር አስተማሪው ነው፤ ከነመስታወት ሣጥናቸው። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል እንኳ የሚያወራው ስለ ውሃቸው ነበር። «የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበት። እኛን አይጎዳም፣ እነሱን ግን ይገድላል። አፈ ሰፊ ሳፋ ላይ ክፍቱን አሳድሪው፣ መድኃኒቱ ይበናል። ደግሞ ሁሉንም አንዴ አትቀይሪ፤ ትንሽ ቀንሰሽ ትንሽ ጨምሪ። ስመጣ በሕይወት ላግኛቸው።» ያኔ ዓሦቹ ከሞቱ እሱም የማይመለስ መስሎኝ ቃል በቃል ሸመደድኩት።

አዳዳ ራህማ፣ የአባቴ እህት፣ ይህን ልትሰማ አልፈለገችም። ለእሷ ያደረ ውሃ የቤት ሰው የሚጠጣው ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው አሁን የተቀዳ፣ ብርጭቆውን የሚያልበው ነው። ዓሦቹ ደግሞ ከሰው አገር የመጡ እንግዶች ናቸው። «ያ ረቢ! ለእንግዳ ያደረ ውሃ? ምን ይሉናል?» እያለች ሳፋዬን ደጅ ትደፋዋለች። ዓሣ ሄዶ ለማን ሊያማን ነው? ብነግራት፣ ብለምናት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ አያቴ አባባ ከምድጃው ፍም አጠገብ ይቀመጣሉ። ኩራዙ ጥቁር ጢሱን ወደ ጣሪያው እየለቀቀ፣ እኔም አክስቴ እንዳትደፋብኝ ሳፋዬን በእግሮቼ መሃል አድርጌ እየጠበቅኩ፣ ያንኑ አንድ ተረታቸውን እሰማለሁ። የተጠማ ጅብ ኩሬ ገብቶ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ኤሊ «እስኪጠራ ጠብቅ» ትለዋለች። እሱ ግን ጠርቶ እንደሆነ ለማየት እግሩን ይነክራል፤ እንደገና ይደፈርሳል።

«ከዚያስ አባባ? ጠጣ?»

«ቦሩ» ይላሉ፣ ነገ ማለታቸው ነው፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው ይነሳሉ። ነገ ሲመጣ ጅቡ ያው እግሩን ይነክራል። ወላሂ፣ ያንን ጅብ ባገኘው በገዛ እጄ ባጠጣሁት!

አንድ ቀን አባባ ለለቅሶ ሸቤ ሄዱ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመድኃኒቱ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። አዳዳ ሣጥኑን አጥባ፣ ገና በተቀዳ የቧንቧ ውሃ እስከ አፉ ሞልታዋለች። ዓሦቹ ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እያቸው፣ ደስ ብሏቸው ሲስቁ!» አለችኝ።

ጮህኩ። ሳፋዬ ተደፍቶ፣ የሚጠጣውም አልቆ፣ በቤቱ የቀረው ያደረ ውሃ አንድ ብቻ ነበር፤ አባባ ከማታው ቀድተው ለሱብሒ ውዱእ፣ ለንጋት ሶላት መታጠቢያ፣ ከሚያስቀምጡት ባልዲ የተረፈው። ዓሦቹን በሳህን ጨልፌ እዚያ ጨመርኳቸው። አዳዳ «የአባባን የውዱእ ውሃ!» ብላ ራሷን ያዘች። አንዱ ሞተ። ሌላው ሲመሽ መዋኘት ጀመረ።

አባባ ተመልሰው ባልዲያቸውን አዩ፤ የእኔን ያበጠ ዓይን አዩ። ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«ራህማ፣ ረመዳንን አብሮን ያሳለፈ እንግዳ አለ እንዴ? ይሄ የቤት ልጅ ሆኗል። የቤት ልጅ ያደረ ይጠጣል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች።

በቃ! እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስረዳሁት ሁሉ ከንቱ፣ የእሳቸው አንድ ቃል ግን በቂ። ከዚያ ወዲህ ሳፋውን ከማታው የምትሞላው እሷው ሆነች፤ እኔ እንኳ ስጠጋው ትቆጣኛለች። ከደስታ ይልቅ ንዴት አስለቀሰኝ።

ነስሩ የተመለሰው ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ነው። በገዛ ቤቱ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን የት እንደሚያደርግ እንኳ ጠየቀን። የተረፈውን አንድ ዓሣ ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና ውሃ ለመነ። ብርጭቆ ይዤ ወደ ቧንቧው ስሮጥ አዳዳ ክንዴን ያዘችኝ። ብርጭቆውን ወስዳ ከሳፋው ጨለፈችለት።

«አንተ እንግዳ አይደለህም» አለችው።

ጨልጦ ጠጣና አለቀሰ።

አባባ ጅቡ ይጠጣ አይጠጣ ሳይነግሩኝ አረፉ፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ወንድሜ ያንን ያደረ ውሃ ሲጠጣ የጉሮሮው ድምፅ ግን እስከ አሁን ይሰማኛል።