«ይሄ ሞተር አይወርድም!»

እንዲህ ብሎ የጮኸውን መካኒክ ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ገና ከመንገዱ ሲታጠፍ፣ «የውሃ ፓምፑ ሊሄድ ነው»፣ «አንዱ ካንዴላ አይሠራም» እያለ በድምፁ ብቻ ስለሚለየው የወጣለት ስም ነው። አምና ማጅራት ገትር አልጋ ላይ ጣለው። ነፍሱ ተረፈች፤ መስማቱ ግን አልተመለሰም። ሰዎች አዝነው ስሙን ሊለውጡለት ቢያስቡ፣ «በላቤ ያገኘሁት ስም ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» አለ።

ባለጋራዡ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቁልፍ አያያዝ ያስተማረው ጆሮ ራሱ ነበር። ታናሽየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ግን ፈራ። ወንድሙ ከሆስፒታል በወጣ ሳምንት ወደ ጥግ ወሰደውና ከንፈሩን እያጎላ፣ «ጋሼ፣ አንተ ከእንግዲህ የመኪና ዕቃ እጠብልን። ድካሙም ይቀንስልሃል» አለው።

«የደነቆረው ጆሮዬ ነው እንጂ እጄ አይደለም!»

ድምፁን መመጠን ስለማይችል ግቢው በሙሉ ሰማ። ዕቃ አላጠበም። በማግስቱም በሳልስቱም ቱታውን ለብሶ እየመጣ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ይውላል። ሚስቱ፣ «ምነው ቤትህ አርፈህ ብትቀመጥ?» ስትለው ዓይኑን ይጨፍንባታል። ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ ከንፈር ስለማያነብ፣ ሰማይ ቢደፋ የምትለው አይገባውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት አስተማሪ አሮጌ መኪናዋን እያዘገመች ግቢ ገባች። ከሌላ ሰው የገዛችው ከዓመት በፊት ነው።

«ነዳጅ ስረግጥ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» አለች። «ዳገት ላይማ ኤሊ ይቀድመኛል። ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁብኛል።»

ሌላ ጋራዥ ውስጥ ካንዴላውን ቀይረውላታል፤ የአየሩንም የቤንዚኑንም ፊልትሮ ቀይረዋል። ጠብ ያለ ነገር የለም። ታናሽየው ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «አርጅቷል። ሞተሩ መውረድና ተፈትቶ መታደስ አለበት።»

የአስተማሪዋ ፊት አመድ መሰለ። ጆሮ ግን «መውረድ» የምትለዋን ቃል ከወንድሙ ከንፈር ላይ አንብቦ ኖሮ፣ መጥቶ በእሱና በመኪናው መካከል ተገተረ።

«ይሄ ሞተር አይወርድም!»

«ጋሼ፣ ኧረ ደንበኛ ፊት…»

«ደንበኛ ፊት ነው የምናገረው! መቼ መረመርከው? ገና ስታየው ፈረድክበት እንጂ!»

ወደ አስተማሪዋ ዞረ። «እህቴ፣ እኔ አልሰማም፤ ጻፊልኝ። ድንገት ነው የጀመረው ወይስ ቀስ በቀስ?»

ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ፣ «ቀስ በቀስ። በዝግታ ስነዳው ይሻለዋል፤ ስረግጠው ይብስበታል» ብላ ጻፈችለት።

ሞተሩን አስነሣች። ጆሮ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ንዝረቱ እኩል ነው፤ የሚያነክስ የለም። «አራቱም ሲሊንደር ደህና ነው» አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ እጁን ዘረጋ። እሷ ነዳጅ ስትረግጥ መዳፉን ገፍቶ መመለስ የነበረበት ትንፋሽ፣ ሻማ እንኳ የሚያጠፋ አልነበረም።

«ታፍኗል!» ብሎ ጮኸ። «ጭሱን ካላስወጣ አዲስ አየር በየት በኩል ይግባለት?»

ታናሽየው አልተዋጠለትም። «በመዳፍ ብቻ?»

«በመዳፍ ብቻማ አይደለም፤ እንፈትነዋለን። ክሪክ አምጣ።»

መኪናው ተነሥቶ በደንብ ከተደገፈ በኋላ ጆሮ ሥሩ ገባ። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ከቱቦው ጋር የያዙት ሁለት ቡሎኖች ዝገው እምቢ አሉ፤ እሱም እምቢ አለ። እጁ ተልጦ፣ ፊቱ ዝገት ለብሶ፣ ማርሚታውን ታቅፎ ወጣ።

«በል አሁን ዳገቱን ውጣበት።»

ታናሽየው አስተማሪዋን ከጎኑ አስቀምጦ ነዳ። ማርሚታ የሌለው መኪና ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው። ባለሱቆች ወደ ደጅ ወጡ፣ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ውሾች እግሬ አውጪኝ አሉ። ጆሮ በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝና መኪናው ዳገቱን እንደ ጥይት ሲወጣ ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዛሬስ የታደልኩት እኔ ነኝ!»

ማርሚታው ሲቆረጥ፣ ውስጡ ያለው ቆርቆሮ በዝገት ተበልቶ ወድቆ መውጫውን ደፍኖት ተገኘ። ከቀትር በፊት ሌላ ተገጠመ። አስተማሪዋ ስትሄድ ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ ሰጠችው፦ «እናቴ ዳገቱ ላይ ናት የምትኖረው። ዛሬ በመኪናዬ እሄዳለሁ።»

ታናሽየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ጆሮ አየ።

«ዞረህ አታጉረምርም! ይቅርታ ከሆነ ፊት ለፊቴ በለው!»

ታናሽየው ዞረ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። አጥፍቻለሁ።»

«አልሰማሁም፤ ድገመው።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ታናሽየውም እየሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ ደገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ መጀመሪያ ያለው የመጠገኛ ቦታ የጆሮ ነው፤ ግድግዳው ላይም ደንበኛ የሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ።

ሁሉም ሰው አልተቀበለውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለሚኒባስ ሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ ሲነገረው፣ «ደንቆሮማ መኪናዬን አይነካም!» ብሎ ቁልፉን ነጥቆ ወጣ። ጆሮ ከንፈሩን አንብቦታል። በሩ ድረስ ተከትሎት ሄዶ፣ ከኋላ ጎማው የሚወጣው የቃጠሎ ሽታ ስለሸተተው፣ «የኋላ ግራ ፍሬንህ ይዞ ቀርቷል፣ ጎማህ ሊቃጠል ነው!» ብሎ ጮኸበት።

ሰውየው ዞሮ አላየውም። ጆሮም አልጠበቀውም፤ ተመልሶ ተራውን የሚጠብቀው መኪና ሥር ገባ።