የብርቄ አክፋይ

የልጅ ልጄ ሄለን ከትናንት ወዲያ ሳሎኑን በካርቶን ቁርጥራጭ ሞልታው አገኘኋት። ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እሱ የሚያሳያትን እያየች፣ የጫማ ካርቶን በሙጫ እያጣበቀች ሳጥን ትሠራለች። ፋሲካ ስለደረሰ ለጓደኛዋ ስጦታ ልትወስድ ነው። ስጦታው አንዲት ስኒ ናት። ለአንዲት ስኒ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ቀይ ጥብጣብ፣ ከአሮጌ ሻሽ የተቆረጠ አበባ! ሁሉንም ከቤት ለቃቅማ ነው እንጂ አንድ ብር አላወጣችበትም፤ በዚህስ አደነቅኳት። ስትጨርስ ከፍ አድርጋ እያሳየችኝ «እማዬ፣ ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ» አልኳት። እውነትም ያምር ነበር። ግን ፊቴን አዞርኩ። ተሸላልሞ የታሰረ ነገር ሳይ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ልጆቼ «እናታችን ስጦታ አትወድም» ይሉኛል። ስጦታስ እወዳለሁ፤ ማን ይጠላል! እኔ የምፈራው ማሰሪያውን ነው።

ነገሩ የስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ነው። ያኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ ቤታችንም እዚሁ ቆቦ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። የራያን ሜዳ በደጉ ጊዜ ያየ ሰው ማሽላው ፈረሰኛ ከነፈረሱ ሲውጥ አይቷል። በዚያን ጊዜ ግን ዝናቡ ከድቶን ማሽላው ገና በጉልበት ቁመቱ ደርቆ ቀረ። በሬዎቹ አለቁ። አባቴ «ሁመራ የቀን ሥራ አለ» ሲባል ሰምቶ ከሰዎች ጋር ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ትንሿ እህቴ ብርቄ ነን። ብርቄ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ናት። ሁዳዴ ሲጋመስ መቆም አቃታት። ቅጠል ቀቅለን ስንሰጣት ሆዷ አልቀበል አለ። እህል ካልቀመሰች እንደማትተርፍ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ስለ አክፋይ ማሰብ የጀመረችው።

በእኛ አገር የክርስትና ልጅ በቅዳሜ ሹር ለክርስትና እናቱ አክፋይ ይወስዳል። እሷ ከስቅለት ጀምሮ አክፍላ፣ እህል ሳትቀምስ ቆይታ የምትገድፍበት ነው፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ ያለው ደግሞ ዶሮ ወይም በግ። አክፋይ የተወሰደበት ዕቃ ታዲያ ባዶውን አይመለስም። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው፤ ተቀባይዋ ካላት ከፍላ፣ እህልም ሆነ ምስር፣ የሆነ ነገር ሳታደርግበት አትሸኝም። የብርቄ ክርስትና እናት እትዬ ለተብርሃን ዋጃ ነበሩ። ባላቸው ከአፋር በግመል ጨው የሚያመጣ ነጋዴ፣ ቤታቸው ቆርቆሮ፣ ጎተራቸው ሙሉ ሆኖ ነው የምናውቃቸው። እናቴ አሰበችና፣ ብርቄን የሚያተርፋት ይህ ነው አለች። አገልግሉ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፣ ማሽላ ይዞ ይመለሳል።

«ለምን ዝም ብዬ ሄጄ ራበን አልላቸውም?» አልኳት።

«ምላስሽን ይቁረጠው! አበልጄ ፊት ልመና ልትወጪልኝ? ጦሟን አደረች ከምባል ልሙት!»

እኔ ዛሬም ድረስ ይህችን ቃል ሳስባት ደሜ ይፈላል። መሞት እኮ ለሷ አልነበረም የመጣው።

ከላይ ያሉት ረሃብ የለም ይሉ ነበር፤ እኛም ከታች ሆነን የለንም አላልንም። እንዲህ ያለ አገር ነን።

እናቴ በስፌት ስሟ የተጠራ ሴት ነበረች። ጉልበት ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ የሁዳዴን ማለቂያ ሙሉ ወስፌዋን ይዛ አገልግል ስትሰፋ ሰነበተች። ስንደዶው ካምና የተቀመጠ ነበር። አክርማ ግን ከየት ይምጣ፤ ሣር የሚባል ነገር ከምድር ጠፍቷል። የራሷን መሶብ ፈታችና አክርማውን ውሃ ነክራ እያለሰለሰች መልሳ ሰፋችበት። መሶብ ምን ያደርግልናል፣ የሚቀመጥበት የለም። ለላዩ ልባስ የሚሆነውን ቆዳ ያገኘነው ከሞተችው ፍየላችን ነው፤ የጉሎ ፍሬ ወቅጣ፣ በቅባቱ አሽታ አለፋችው። ዛጎሉን ከመናጫው ቅል ማንጠልጠያ ፈትታ በክዳኑ ዙሪያ ደረደረችው። መጨረሻ ላይ የሰርግ ቀሚሷን ከሣጥን አወጣች። ጥለቱን ከጫፉ ቀድዳ ማሰሪያ አደረገችው። ቀዩና አረንጓዴው ሐር ገና አልደበዘዘም ነበር። አምሮ ነበር፣ ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ አገልግል በጥጋቡ ዘመንም አላየሁም። ጎረቤት መጥቶ ሲያይ «ወይ ጉድ፣ እነ እንትና እህል አላቸው» ብሎ ነው የሄደው።

ዱቄቱ ከእንስራው ሥር ተጠርጎ የወጣ ነው። ከዚያ የተጋገረው ዳቦ የመዳፍ ስፋት ቢኖረው ነው። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ብርቄ ዓይኗን ገለጠች። እናቴ ፊቷን አዙራ ዳቦውን አገልግሉ ውስጥ አስቀመጠችና ክዳኑን ጠርቅማ አሰረችው። ከዚያ እኔን በር ላይ አቁማ መከረችኝ።

«ልጄስ ካለችሽ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው በይ። ቤትስ ካለችሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ። ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አብሽሪ፣ ለተብርሃን ባዶ ዕቃ አትመልስም።»

ቄሱ ጠዋት ያደሉን ቄጠማ ራሴ ላይ ታስሯል። በሌላው ዓመት ለምለም ነው፤ የዚያን ዕለቱ ግን ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ ደረቅ ነገር ነበር፣ ስሄድ ከራሴ ላይ እየተሰባበረ ይወድቃል። ከቆቦ ዋጃ ለጤነኛ ሰው ሩቅ አይደለም። እኔ ግን እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ ነው የሄድኩት። በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ሰው ተቀምጧል። ቁጭ ያለውንና የሞተውን መለየት ያስቸግራል። የጭነት መኪና ሲያልፍ የሚያነሳው አቧራ ሁሉንም እኩል ያለብሳቸዋል። አንዲት አሮጊት አገልግሉን አየችና «ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ።

«አክፋይ ነው እማማ።»

«አክፋይ? ዘንድሮም አክፋይ አለ?» ብላ ሳቀች። «ይሁን፣ እንኳን አደረሰሽ፤ እለፊ ልጄ።»

አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ባለመለመኗ ግን እያለቀስኩ ነው ዋጃ የገባሁት።

እትዬ ለተብርሃን ከደጅ ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ቀይ፣ ደርባባ ሴት ነበሩ፤ አሁን ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ግቢያቸው ውስጥ ጥግ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት ከሁለት ልጆች ጋር አለች። የጎረቤት ሴት ናት አሉኝ፣ ባሏ የሞተባት። እኔን አስገብተው አገልግሉን ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አድርገው እያዞሩ አዩት። ዛጎሉን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጥለቱን ፈትተው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«አበልጄ፣ እጇ አይንጠፍ! ዘንድሮም እንዲህ ትሰፋለች?» አሉ። ቀጥለው ቀና ብለው «ልጄስ? ብርቄ ምነው ቀረች?» አሉኝ።

«ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው።»

«ቤትስ እንዴት ነው ጓለይ፣ ልጄ? ቆቦ እህል አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

እኔን አዩኝ። ከአገጬ እስከ እግሬ በነጠላ ተጠቅልያለሁ። መልሰው አገልግሉን አዩት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና «ተመስገን፤ የእናንተን ነገር ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አሉ። ደስታቸው የእውነት ነበር። እኔ ግን በሆዴ «እንዲህ ተደስተውማ ሞልተው ነው የሚሰጡን» አልኩ። የልጅ ነገር!

እዚያው አደርኩ፤ ፋሲካ ጠዋት ዳቧችንን ባረኩና ቆርሰው ለሁላችንም አደሉ፤ ለዚያች ሴትና ለልጆቿም ደረሳቸው። እኔም ከራሳችን ዳቦ ቁራሽ አገኘሁ። ግማሹን አፌ ሳላደርግ መቀነቴ ውስጥ ለብርቄ ቋጠርኩት። ከዚያ አገልግሉን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመልሱልኝ እንደ አመጣጡ በጥለቱ ታስሮ፣ ከብዶ ነበር። «ሰላም በዪልኝ፤ ከቤት ሳትደርሺ አይፈታም» አሉኝ። የተላከ ዕቃ በመንገድ እንደማይፈታ እኔም አውቃለሁ።

ያን ክብደት እንዴት ልንገራችሁ። ትከሻዬ እየተላጠ እየዘፈንኩ ሄድኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ መንገድ ላይ ያሉት እንዳይሰሙኝ። በልቤ ማሽላውን እየፈጨሁ፣ አጥሚት እያማሰልኩ፣ ብርቄን በማንኪያ እያጎረስኩ ቆቦ ገባሁ።

እናቴ ስታየኝ ብርቄን ከመደቡ አንስታ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። «ተነሺ የኔ ሆድ፣ ክርስትና እናትሽ ማሽላ ላከችልሽ» አለቻት። ጥለቱን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች።

አሞሌ ጨው ነበር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ በሥርዓት የተደረደረ አሞሌ ጨው።

እናቴ እጇን ከተተችና እስከ ሥሩ ዳሰሰች። ከዚያ አንዱን አሞሌ አንስታ እያየችው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» አለች። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንደዚያ ስትለው ግን ፈራኋት። በማግስቱ ጨውን በማሽላ ልትለውጥ ገበያ ወጣች። የሚቀምመው ወጥ የሌለው ሕዝብ ጨው ምን ያደርጋል፤ ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም። ለብርቄ የቋጠርኩላትን ቁራሽ ሰጠኋት። በእጇ ጨብጣ ያዘችው፣ መዋጥ ግን አልቻለችም። ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ አረፈች። የገነዝናት በእናቴ የሰርግ ቀሚስ ነው፤ ጫፉ የተቀደደ ነበር።

እትዬ ለተብርሃንን ለወራት ረገምኳቸው። ቁርጥ አድርጌ እቅጩን ልናገር፣ ዓይናቸውን ባየው እቧጭረው ነበር። ዝናቡ ተመልሶ መንገዱ ሲረጋ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሞቷን የሰሙት ዘግይተው ነው። አንድ ቁና ማሽላ አሸክመው፣ እያለቀሱ ገቡ። እናቴ ተነስታ ተቀበለቻቸው። እኔ ነኝ ያልቻልኩት፤ «ያኔ ጨው፣ አሁን ማሽላ?» አልኳቸው።

«ምነው አልነገርሽኝም ጓለይ?» አሉኝ። «ምነው ደህና ነን አልሽኝ? ጓዳዬ ውስጥ መሬት የተቀበረ አንድ ጋን ማሽላ ነበረኝ፤ የመጨረሻዬ ነው። ለብርቄ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ያን አገልግል ሳይ ግን፣ ቆዳ አልፍታ፣ ዛጎል ደርድራ፣ ሐር አስራ የምትልክ ሴት ተርባለች ብዬ በምን ላስብ? እነሱስ ጠግበዋል አልኩና እሁድ አንቺን እንደሸኘሁ ለዚያች ሴትና ለልጆቿ ሰጠሁት። ባዶ ዕቃ እንዳልመልስ ደግሞ ያለኝ ጨው ብቻ ነበር።»

 ያ ግንባሬን የመታኝ ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ማሽላውን ከእኛ የመለሰው የአገልግሉ ውበት ነው። እናቴ በዚያ ሁሉ ድካም የሰፋችው ነገር ለልጇ የተቀመጠውን እህል ለሌላ አሰጠው።

እናቴ «ልጆቹ ተረፉ?» አለች።

«ተረፉ።»

«ይሁን፤ ተመስገን» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሁለቱ አበልጆች ተቃቅፈው ሲነፋረቁ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ማንን ልርገም? የሰጡትን? የተቀበሉትን? እናቴን? ሰው የሚረግመው ሲያጣ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ «እንዴት ናችሁ» ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለኝን ሰው አላምንም። ነጠላው ሲነጣ፣ ደጁ ሲጠረግ ይብስብኛል። ሰፈርተኛው «ጓዳ ፈታሽ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል፤ ያውጣ። ባለፈው ሳምንት ከጎናችን የተከራየችውን ወላድ ሰላም ልበል ብዬ ገባሁ። ባሏ ከጠፋ ከርሟል። ሹርባ ተሠርታ፣ ቤቷን አጥና «ደህና ነን እማማ፣ ምንም አልጎደለብን» አለችኝ። ገፍቼ ጓዳዋ ገባሁና የዱቄት ጣሳዋን ክዳን አነሳሁ። ሥሩ ይታያል። ፊቷ በርበሬ መስሎ «የሰው ቤት እንዲህ ይገባል?» አለችኝ።  ሄጄ ጤፍ ዱቄትና ሽሮ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ሳልሸፍነው፣ ሰው ሁሉ እያየ አመጣሁላት። እስከ ዛሬ በር ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። ታኩርፈኝ፤ ለቅሶ ከምደርሳት ኩርፊያዋ ይሻለኛል።